ዋሻ ውስጥ ለቀረ ሰው የሚደርሱለት፦ የብሪታንያ በጎ ፈቃደኛ የዋሻ ነፍስ አድን ቡድኖች

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ኮረብታዎች ሥር፣ ክላፓም የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የዋሻ ነፍስ አድን ድርጅት መቀመጫው እዚያ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የዋሻ ነፍስ አድን ቡድን ተደርጎ ይቆጠራል። ዛሬም ሥራ ላይ ነው። አባላቱ ደሞዝ አይከፈላቸውም። የየራሳቸው መተዳደሪያ ያላቸው፣ በዕረፍት ቀናቸው ዋሻ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። ወጪያቸው በአብዛኛው የሚሸፈነው ሕዝቡ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ያወጡትን ሰው ሂሳብ አያስከፍሉትም።

አካባቢው የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ውሃ ድንጋዩን ለብዙ ሺህ ዓመታት እያሟሟ ከመሬት በታች ገደል፣ አዳራሽና ወንዝ ሠርቷል። ይህን ለማየት የሚወርዱት አብዛኞቹ በሰላም ገብተው በሰላም ይወጣሉ። አንዳንዱ ግን ይወድቃል፣ መንገዱ ይጠፋዋል፣ ወይም ደራሽ ውሃ መውጫውን ይዘጋበታል።

ለምን ፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ አይገባም? በደረት እየተሳቡ፣ ጆሮ ድረስ በሚደርስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨለማ ማለፍ ልምድ ይጠይቃል። ያልለመደ ሰው ከገባ የሚወጣው ሰው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ዋሻ አሳሽን የሚያወጣው ዋሻ አሳሽ ነው። ነገሩ ከእኛ እድር ጋር ይመሳሰላል። ዛሬ ቃሬዛ የተሸከመው ነገ ቃሬዛው ላይ ሊተኛ ይችላል፤ ሁሉም ይህን ያውቃል።

የእርዳታው ሰንሰለት የሚጀምረው ከዋሻው ሳይሆን ከቤት ነው። ወራጁ ለአንድ የቅርብ ሰው ሦስት ነገር ነግሮ ይሄዳል፦ የትኛው ዋሻ እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ስንት ሰዓት ድረስ ካልደወለ እርዳታ እንደሚጠራለት። ያ ሰዓት ሲያልፍ በብሪታንያ የአደጋ ጥሪ ቁጥር፣ 999 ይደወላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጠየቅ ያለበት አምቡላንስ ሳይሆን ፖሊስ ነው፤ ከዚያ «የዋሻ ነፍስ አድን» ማለት ነው። ፖሊሱ ለቡድኑ ተረኛ አስተባባሪ ይደውላል፤ አስተባባሪው የአባላቱን ስልክ በአንድ ጊዜ ያስጮኻል። የእነሱ ጥሩምባ ይኸው ነው። የዘገየ ሰው ከሆነ መኪናው ዋሻው አጠገብ እንደቆመ መሆኑን ማየት ብቻ ብዙ ነገር ይናገራል።

መጀመሪያ የሚገቡት ጥቂት ናቸው። ሸክማቸው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ፣ የሚበላ ነገር። የብሪታንያ ዋሻዎች ክረምት ከበጋ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። የሚንቀሳቀስ ሰው ይቋቋመዋል። እግሩ ተሰብሮ፣ ልብሱ ረጥቦ ለተኛ ሰው ግን ብርዱ ከስብራቱ የከፋ ጠላት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሞቅ፣ ከዚያ መሸከም።

መልእክት ማስተላለፍም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ተራ የሬዲዮ ሞገድ ድንጋይ አያልፍም። ድሮ የስልክ ሽቦ እየዘረጉ ይገቡ ነበር። በኋላ ጆን ሄይ የሚባል ብሪታንያዊ አማተር የሬዲዮ ባለሙያ ሄይፎን የተባለውን መሣሪያ ሠራላቸው። 87 ኪሎኸርዝ በሆነ ዝቅተኛ ሞገድ ድምፅን በድንጋዩ ውስጥ አሳልፎ ያደርሳል።

ከዚያ ቃሬዛው ይመጣል። ጠባብ ቦታ ላይ ማንም ቆሞ አይሸከምም። አዳኞቹ በመስመር ይቀመጣሉ ወይም ይተኛሉ፤ ቃሬዛው በጭናቸው ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ያሳለፈው ከኋላ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ ፊት ሄዶ እንደገና ይተኛል። አንድ ሰው ግን ከተጎጂው ራስጌ አይለይም። ሥራው ማናገር ነው። «አሁን ትንሽ ታዘነብላለህ፣ አይዞህ፣ ይዘንሃል» ይለዋል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ ልቤን የሚነካው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በዌልስ፣ ኦጎቭ ፈነን ዲ በተባለው ዋሻ የሆነው የዚህን ሥራ ልክ ያሳያል። ልምድ ያለው አንድ ዋሻ አሳሽ ወድቆ እግሩ፣ መንጋጋውና የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። የገባበት ቀዳዳ ለቃሬዛ ጠበበ። በረጅሙ መንገድ፣ በሌላ መውጫ መውሰድ ግድ ሆነ። ከዌልስና ከእንግሊዝ ከ240 በላይ ሰው እየተፈራረቀ ገባ። ከአደጋው እስከ መውጫው 54 ሰዓት ፈጀ። ሰውየው በሕይወት ወጣ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1967 ዮርክሻየር ውስጥ ሞስዴል ዋሻ አሥር ሰዎች ገቡ፤ አራቱ ቀድመው ወጡ። ከወጡት አንዷ ተመልሳ ብታይ መግቢያው በውሃ ተሞልቷል። ረግረጉን ሮጣ አቋርጣ እርዳታ ጠራች። አዳኞች ቦይ ቆፍረው ወንዙን ለመቀልበስ ታገሉ። ስድስቱ ሞቱ፤ አስከሬናቸው እዚያው ዋሻው ውስጥ ነው ያረፈው። በዚያው ዓመት የአገሪቱን ቡድኖች የሚያስተባብር ምክር ቤት ተቋቋመ።

ዓለም እነዚህን ሰዎች ያወቃቸው በታይላንድ ነው። በጁን 2018 አሥራ ሁለት ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችና አሰልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ዋሻ ውስጥ በጎርፍ ተዘጋባቸው። የባሕር ኃይሉ ጠላቂዎች ጎበዞች ነበሩ፤ ሥልጠናቸው ግን ለክፍት ባሕር ነው። የዋሻው ውሃ ጭቃ ነው፤ እጅ አያሳይም። ልጆቹን በዘጠነኛው ቀን ያገኟቸው ሪክ ስታንተንና ጆን ቮላንተን ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ሌላው የኮምፒዩተር ባለሙያ። ሁለቱም የዌልሱ የዋሻ ነፍስ አድን ቡድን አባላት ነበሩ። ሄይፎኑም ከእንግሊዝ በአውሮፕላን ተላከ። አውስትራሊያዊው የሰመመን ሐኪም ሪቻርድ ሃሪስ ለልጆቹ ማደንዘዣ ሰጣቸው፤ ጠላቂዎቹም አንድ በአንድ አወጧቸው። አሥራ ሦስቱም ተረፉ። የቀድሞው የታይላንድ ባሕር ኃይል ጠላቂ ሳማን ኩናን ግን የአየር ጋን አድርሶ ሲመለስ ሕይወቱ አልፏል። እሱም በፈቃዱ የመጣ ነበር።

ክላፓም ያለው ቡድን ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለዋሻ አይደለም። ኮረብታ ላይ እግሩ ለተሰበረ መንገደኛ ይሄዳል። ገደል ለገባ በግና ጉድጓድ ለወደቀ ውሻም ይወርዳል።

በዋሻ ሥራ ጊዜ መግቢያው ላይ መዝገብ የያዘ ሰው ይቆማል። የገባ ሁሉ ስሙና ሰዓቱ ይጻፋል፤ ሲወጣ ይሰረዛል። ተጎጂው ሆስፒታል ደርሶም ቢሆን መዝገቡ አይዘጋም። ገመድ ጠቅልሎ፣ ዕቃ ሰብስቦ የመጨረሻው አዳኝ እስኪወጣ፣ ያ ሰው ከደጃፉ አይንቀሳቀስም።