የፀደይ በዓል እንቁላል፦ መንከር፣ በሰም መሸፈን፣ መፋቅ

በፀደይ በዓል እንቁላል ማስዋብ ብዙ አገር ያለ ልማድ ነው። ኢራናውያን በአውሮፓውያኑ ማርች 20 ወይም 21 ገደማ በሚከበረው በኖውሩዝ ማዕድ ላይ በቀለም ያጌጠ እንቁላል ያስቀምጣሉ። ግሪኮች በጸሎተ ሐሙስ እንቁላላቸውን ቀይ ቀለም ውስጥ ይነክራሉ። ቀዩ የክርስቶስ ደም ምሳሌ ነው። በፋሲካ ዕለት ደግሞ እንቁላል ከእንቁላል ያጋጫሉ፤ ያልተሰበረለት ሰው ዓመቱ ይቀናዋል ይባላል።

እንቁላልና ፋሲካ የተገናኙበት አንዱ ምክንያት ግን ቀላል ነው። በጾም እንቁላል አይበላም። ዶሮዋ ግን ጾም መግባቱን አታውቅም፤ መጣሏን ትቀጥላለች። ጾሙ ሲፈታ ቤቱ እንቁላል በእንቁላል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1290 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ 450 እንቁላል ቀለም አስነክሮና በወርቅ ቅጠል አስለብሶ ለቤተ መንግሥት ሰዎች አድሏል።

ዘዴው ብዙ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ ሦስት ነው፦ ቀለም መስጠት፣ ቀለም እንዳይገባ መከልከል፣ የገባውን መፋቅ።

ለመጀመሪያው የተዘጋጀ ቀለም መግዛት አያስፈልግም። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሎ ማጥለል ይበቃል፤ ከብርቱካንማ እስከ ጥቁር ቡናማ ይወጣዋል። እርድ ቢጫ፣ ቀይ ስር ሮዝ ይሰጣል። የሚያስገርመው ሐምራዊው ጥቅል ጎመን ነው። ውሃው ሐምራዊ ሆኖ ሳለ ነጭ እንቁላል ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ በተለይ ፍሪጅ ውስጥ ተነክሮ ካደረ። ውሃው ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ አቼቶ ጠብ ማድረግ አይረሳ። አሲዱ የቅርፊቱን ላይኛ ገጽ በትንሹ ስለሚበላው ቀለሙ ይይዛል። ሲበዛ ግን ቅርፊቱን ይጎዳል።

ለልጆች የምመርጠው የቅጠል ዘዴ ነው። ትንሽ ቅጠል ውሃ ነክሮ እንቁላሉ ላይ መለጠፍ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ከዚያ የሽንኩርት ልጣጩ ውሃ ውስጥ መቀቀል። ሲፈታ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ከነጠርዙ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስቶኪንጉ ከላላ ቀለሙ ከስር ይገባና ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል።

ቀለም በመከልከል ዩክሬናውያንን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ፒሳንካ የሚባለው እንቁላላቸው የሚሠራው በንብ ሰም ነው። ኪስትካ የምትባል እጀታዋ እንጨት፣ ጫፏ ቀጭን የብረት ቀዳዳ ያላት መሣሪያ አለች። እሷን በሻማ አሙቀው፣ በቀለጠው ሰም ነጩ እንቁላል ላይ መስመር ያሰምራሉ። መስመሩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ቢጫ ውስጥ ይነክሩታል፤ ቢጫ እንዲቀር የፈለጉትን ደግሞ በሰም ይሸፍናሉ። ብርቱካንማ፣ ቀይ፣ በመጨረሻ ጥቁር፤ ሁልጊዜ ከፈዛዛው ወደ ደማቁ። በዚህ ጊዜ እንቁላሉ የከሰል ቁራጭ ነው የሚመስለው። ከሻማው ነበልባል ጎን (ከላይ ከሆነ ጥላሸት ይይዘዋል) ጠጋ አድርገው የሚለሰልሰውን ሰም በጨርቅ ይጠርጋሉ። ቀለሞቹ የሚወጡት ያኔ ነው። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዩክሬኗ ኮሎሚያ ከተማ ያለው የፒሳንካ ሙዚየምም ራሱ በእንቁላል ቅርጽ ተሠርቷል። በምሥራቅ ጀርመን የሚኖሩት ሶርቦችም በሰም ይሠራሉ፤ ሰሙን የሚያሳርፉት ግን ጫፉ በተቆረጠ የዝይ ላባ ነው።

መፋቅ ደግሞ በፖላንድና በሊትዌኒያ የታወቀ ነው። እንቁላሉን በጥቁር ቀለም ነክሮ በሹል ስለት አበባና ሐረግ መፋቅ ነው። ዝም ብሎ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሀንጋሪዎች ከሁሉም ይብሳሉ፤ ባዶ ቅርፊት ላይ ጥቃቅን የብረት ፈረስ ጫማ ይመታሉ። የሩሲያ ነገሥታት ጌጣጌጥ ሠሪውን ፋበርዤን ያሠሯቸው 50 እንቁላሎች ስማቸው ቢገንም ወርቅና ዕንቁ እንጂ እንቁላል አይደሉም፤ እዚህ አልቆጥራቸውም።

የተቀቀለው የሚበላ ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ በሳምንት ውስጥም ይለቅ። ለጌጥ የሚቀመጠውን ግን ጥሬውን ከላይና ከታች በመርፌ በስቶ፣ አስኳሉን በረጅም መርፌ አፍርሶ፣ በአንዱ ቀዳዳ እፍ ብሎ ማውጣት ይሻላል። የታችኛው ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ካላለ ጉንጭ እስኪያም ድረስ ማስነፋቱ አይቀርም። ከዚያ ውስጡን በውሃ አለቅልቆ በደንብ ማድረቅ ነው፤ አለበለዚያ መሽተት ይጀምራል።