የትምባሆ ጭስ በአፍ ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

የአፍ ውስጠኛ ሽፋን ተደራርበው ከተነጠፉ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ከሥር ያሉት ሕዋሳት ሳያቋርጡ ይከፋፈላሉ፤ አዲሶቹ ወደ ላይ እየተገፉ ጠፍጣፋ ይሆኑና በመጨረሻ ከምራቅ ጋር ይራገፋሉ። ድድና ጠንካራው ላንቃ ጥፍር በተሠራበት በኬራቲን ፕሮቲን የተጠናከሩ ሲሆኑ፣ የጉንጭ ውስጠኛ ገጽና ከምላስ ሥር ያለው የአፍ ወለል ግን ይህ መከላከያ የላቸውም።

ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ያሉት የትምባሆ ጭስ በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህንን ሽፋን ነው። ሙቀቱ ላንቃን ያነጣዋል፤ በነጣው ገጽ ላይ የሚታዩት ቀያይ ነጠብጣቦችም የተቆጡ የጥቃቅን ምራቅ ዕጢዎች አፎች ናቸው። በድድ ላይ ደግሞ ቀለም አምራች ሕዋሳት ሜላኒንን አብዝተው ስለሚያመርቱ ጠቆር ያሉ ምልክቶች ይወጣሉ። እነዚህ ለውጦች በዓይን የሚታዩ በመሆናቸው ትኩረት ይስባሉ፤ ይበልጥ አሳሳቢው ጉዳት ግን የሚደርሰው ከሥር ባሉት ተከፋፋይ ሕዋሳት ላይ ነው።

በጭሱ ውስጥ ያሉት ናይትሮሳሚኖችና ቤንዞፓይሪን የተባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች፣ ሰውነት ሊያስወግዳቸው ሲሞክር ወደ ሌላ ይዘት ተለውጠው የዘር መረጃን ከሚይዘው ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃሉ። ሕዋሱ ጉዳቱን ሳይጠግን ከተከፋፈለ ስህተቱ ወደ ልጅ ሕዋሳት ይተላለፋል፤ ስህተቱ የሕዋስ መባዛትን የሚገታውን ቲፒ53 የተባለ ዘረመል ሲነካ ደግሞ ቁጥጥሩ ይላላል። የዚህን ጉዳት አሻራ ያለ ቀዶ ሕክምና ማየት ይቻላል፤ ከጉንጭ በብሩሽ ተፍቀው የተወሰዱ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዲኤንኤን ከሚይዘው የሕዋሱ ማዕከል፣ ከዋናው ኒውክለስ፣ ጎን ማይክሮኒውክለስ የሚባሉ ትናንሽ የክሮሞሶም (የተጠቀለለ ዲኤንኤ) ቁርጥራጮች ሊገኙባቸው ይችላሉ። በላይ የተገኘው ሕዋስ ከሥር ሲከፋፈል የደረሰበትን ይዞ የወጣ ነውና ይህ ቀላል ምርመራ ትልቅ ዋጋ አለው።

ጉዳቱ ሲጠራቀም ሉኮፕላኪያ የተባለ፣ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ንጣፍ ሊፈጠር ይችላል። አብዛኛው ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ ቀይ ንጣፍ ግን ከነጩ በእጅጉ አደገኛ ነው። አልኮል ከትምባሆ ጋር ሲጣመር የአፍ ካንሰር ስጋት ሁለቱ በየግላቸው ከሚያስከትሉት ድምር በላይ ይሆናል።

ማጨስ ሲቆም የላንቃው ንጣት በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ የድዱ ጥቁረት ግን ለመደብዘዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። የካንሰር ስጋቱም በዓመታት ሂደት ይቀንሳል። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየና ምክንያቱ ያልታወቀ ንጣፍ ወይም ቁስል ሲኖር፣ ባያምም እንኳ በሐኪም ሊታይና አስፈላጊ ሲሆን ናሙና ተወስዶለት ሊመረመር ይገባል።