«እረኛ ምን አለ?»፦ ከሜዳው እንጉርጉሮ እስከ ሙዚቃ ቪዲዮው

«እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የከብት ወሬ አልፈለገም። ሊያውቅ የፈለገው ማንም ፊት ለፊት የማይነግረውን ነው፦ ግብሩ ከብዷል? ዳኛው አድልቷል? ሰዉ በማን ላይ አኩርፏል? የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት የአገሩን ልብ ለማወቅ እረኛ የሚያንጎራጉረውን ያስጠይቁ ነበር ይባላል፤ አባባሉ የመጣው ከዚያ ነው። «አዝማሪ ምን አለ?» መንትያው ነው።

ለምን እረኛ? ልጅ ነውና፣ ማታ እሳት ዳር ትልልቆቹ ሲያወሩ የሰማውን ቀን ሜዳ ላይ በዜማ ያወጣዋል። ስንኙ ከጋራ ወደ ጋራ ሲሻገር ማን እንደጀመረው ይጠፋል። ቅሬታው ይደርሳል፤ የሚከሰስበት ሰው ግን የለም። አዝማሪውም የራሱ መከለያ አለው። ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፣ እሱም ከማሲንቆው ጋር ይደግመዋል፤ ቃሉ የሰጪው ይሁን የተቀባዩ ለመለየት ያስቸግራል። በዚያ ላይ ሰምና ወርቅ አለ። መከለያው ግን ሁልጊዜ አላዳነም። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ገዥ ግራዚያኒ እየዞሩ የሚያዜሙትንና የሚተነብዩትን እንዲገደሉ ያዘዘው የዜማቸውን ጉልበት ስለፈራ ነው።

በሙዚቃ ቪዲዮ ውስጥ የእረኛውን ቦታ የያዘው ምስሉ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ምስል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውንና ሂሮ ሙራይ ያዘጋጀውን የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቻይልዲሽ ጋምቢኖን «ዲስ ኢዝ አሜሪካ» ልብ ብሎ ማየት ነው። ዘፋኙና የተማሪ ልብስ የለበሱት ልጆች ከፊት ይጨፍራሉ፤ ከኋላ ሰው ይሮጣል፣ መኪና ይቃጠላል፣ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ ያልፋል። ሰው በተገደለ ቁጥር ጠመንጃውን በቀይ ጨርቅ በክብር ይቀበሉታል፤ በመጀመሪያው ግድያ ሬሳው መሬት ለመሬት ይጎተታል። ሰሙ ጭፈራው ነው፣ ወርቁ የጨርቁና የሬሳው ልዩነት። ግጥሙ ይህን በቃል አይናገርም፤ ለዚህም ነው የሚያመው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካዊው ራፐር የኬንድሪክ ላማር «ኦልራይት» ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። በመጨረሻው ላይ ፖሊሱ ዘፋኙ ላይ የሚተኩሰው በጣቱ ነው። መሣሪያውን የሚጨምርበት ተመልካቹ ራሱ ነውና ክሱን የሚያሟላውም እሱ ይሆናል። «ተቀበል» ማለት በምስል ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን ለመቅረጽ የሚነሳ ባለሙያ መጀመሪያ የሚሳሳተው በሌንሱ ነው። የሌንሱን የብርሃን መክፈቻ ኤፍ 2 ላይ በሰፊው ከፍቶ ዘፋኙን ያስውባል፤ የኋላው ይደበዝዛል፣ እረኛውም ድምፁ ይጠፋል። ሁለቱም ጥርት ብለው እንዲታዩ ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ መክፈቻውም ወደ ኤፍ 8 መጥበብ አለበት። ይህ ዋጋ አለው፦ የሚገባው ብርሃን ወደ 1/16 ይወርዳል። ወይ መብራቱ 16 እጥፍ ይጨምራል፣ ወይ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ400 ወደ 6400 ይወጣል፤ የኋለኛው ደግሞ ጨለማውን የምስሉን ክፍል ያቆሽሸዋል። ስለዚህ ከተቻለ በቀን ብርሃን ደጅ መቅረጽ ይሻላል።

ቆረጣውም እንዲሁ ነው። ምስል በየሰከንዱ ሲለዋወጥ ዓይን ከፊት ያለውን ብቻ ይይዛል። ከኋላ የሚታይ ነገር ያለበት ምስል ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰከንድ ሳይቆረጥ ይቆይ። ምልክቱም አንድ ይሁንና ሦስት ጊዜ ይመለስ፤ መጀመሪያ ሲያዩት ዕቃ ነው፣ ሲደገም ጥርጣሬ ያመጣል፣ በሦስተኛው ይገባል። ሰንሰለት፣ የተሰበረ ሚዛን፣ የታሰረ ወፍና የሚያለቅስ ሕፃን በአንድ ቪዲዮ ሲከማቹ አንዱም አይናገርም። ግጥሙ «እንባ» ሲል እንባ ማሳየትም ያው ብክነት ነው፤ ሰሙ ላይ ሌላ ሰም መደረብ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የድሃን ሰፈር እንደ መጋረጃ መጠቀም ነው። ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ እ.ኤ.አ. በ1996 የማይክል ጃክሰንን «ዜይ ዶንት ኬር አባውት አስ» በብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ባለ የድሆች ሰፈርና በሳልቫዶር ሲቀርጽ፣ ድህነቱ ለዓለም እንዳይታይ የፈለጉ ባለሥልጣናት ተቃውመው ነበር። በቪዲዮው ላይ ግን የሳልቫዶሩ ቡድን የኦሎዱም ከበሮ መቺዎች ቆመው የሚታዩ ጌጥ አይደሉም፤ ምቱን ራሳቸው ይመታሉ። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ ነዋሪው አንድ ነገር ሲሠራ ይታያል ወይስ ሲታይ ብቻ ይታያል?

ቪዲዮው ተቆርጦ ከመጠናቀቁ በፊት ድምፁን ዘግቶ ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው ማሳየትና «ማን ማንን በደለ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ፈተና ነው። መልስ ካጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ ያለበት የዘፋኙ የፊት ምስል ነው።