«ክራክ ነው አይደል?»፦ ስለ ኦፕን ሶርስ ደሴ ላይ የምሰማው እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ ዊንዶውስ የከበደው አሮጌ ማሽን ሲመጣልኝ ሉቡንቱ (በዊንዶውስ ቦታ የሚገባ ቀለል ያለ የሊኑክስ ሲስተም) ጭኜበት እሰጣለሁ፣ እና ሰዉ በሙሉ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠይቀኝ ይቺኑ ነው፣ «ክራክ ነው አይደል?»

አይደለም። ክራክ የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ቁልፉን ሰብሮ መጠቀም ነው፣ የሌላ ሰው በር ሰብሮ እንደመግባት። ኦፕን ሶርስ ላይ ግን ሰሪዎቹ ራሳቸው ኮዱን (ፕሮግራሙ የተሰራበትን ፅሁፍ) አውጥተው ተጠቀም፣ ቀይር፣ ለጎረቤትም ስጥ ብለው በፈቃድ ፅፈውልሃል። ፈቃዱ ደሞ ቀልድ አይደለም፣ ለምሳሌ የሊኑክስ ፈቃድ (ጂፒኤል) ቀይረህ ለሌላ ከሰጠህ የቀየርከውንም ኮድ አብረህ ስጥ ይላል። ነገሩን 1983 ላይ (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ያስጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን ነው፣ የመስሪያ ቤቱ ፕሪንተር ወረቀት እየያዘ ሲያስቸግር ሶፍትዌሩን ላስተካክል ቢል ኮዱን ከለከሉት፣ እዛ ላይ ነው የተናደደው። የጠራውም «ፍሪ ሶፍትዌር» ብሎ ነው፣ «ፍሪ» በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም ስላለው ፈረንጆቹ ራሳቸው ይምታታባቸዋል እንጂ በኛ ቋንቋ እኮ «በነፃ የተሰጠ» እና «ነፃ የወጣ» ለየቅል ናቸው፣ ሰውየው የፈለገው ሁለተኛውን ነው።

«እኔ ተጠቅሜው አላውቅም» የሚለው ደሞ ያስቀኛል። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ውስጡ ያለው ሊኑክስ ነው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ 1991 ላይ ሄልሲንኪ ተማሪ እያለ የጀመረው። ፊልም የምታይበት ቪኤልሲም፣ ቀኑን ሙሉ የምትጣድበት የቴሌግራም አፕም ኮዳቸው ክፍት ነው (የቴሌግራም ሰርቨሩ ግን አይደለም፣ እንዳልዋሽ)።

«ኮዱ ለሁሉም ከታየ ሌባም ያየዋል» ለሚሉት፣ አዎ ያየዋል። ክፍት ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለትም አይደለም፣ ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ 2014 ላይ እስኪገኝ 2 አመት ማንም ሳያየው ተቀምጧል። ግን የ2024ቱን የኤክስዚን ነገር ስሙ። ይሄ ፋይል መጭመቂያ ነው፣ አንድ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው እየረዳ እየረዳ አመኔታ ካገኘ በኋላ የድብቅ መግቢያ ከተተበት። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ሰርቨር ውስጥ ለመግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር ሲቆፍር ደረሰበት። ግማሽ ሴኮንድ! ኮዱ የተቆለፈ ቢሆን ምኑን ይቆፍር ነበር?

ገንዘብ የለውም የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፣ ሬድ ሃት የሚባለውን ኩባንያ ስራው ሁሉ ኦፕን ሶርስ ሆኖ አይቢኤም 2019 ላይ በ34 ቢሊዮን ዶላር ነው የገዛው።

ዋናው ግን «ለፕሮግራመር ብቻ ነው» የሚለው ነው፣ እኔም ራሴ ለአመታት እንደዛ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ሱቅ ቁጭ ብዬ አንድ ፕሮግራም በአማርኛ ከፈትኩ፣ ፋይል ለማስቀመጥ የሚነካው ላይ «አድን» ይላል። ቡና የሚያመጡልኝ እትዬ አዩትና «ውይ፣ ማን ታሞ ነው?» አሉኝ። ሳቅን ሳቅን፣ ከዛ ማታ ቤት ገብቼ የትርጉም ገፁን ፈልጌ አካውንት ከፍቼ «አስቀምጥ» ቢባል ይሻላል ብዬ ምክንያቱን በ3 መስመር እንግሊዝኛ ፃፍኩ። ሰዋሰዉ የተሰባበረ ነበር፣ ማንም ግን አልሳቀብኝም። ከ2 ሳምንት በኋላ ተቀብለውት አየሁ። አንድ መስመር ኮድ አልፃፍኩም እኮ!

እዛው ላይ ግን አንድ ነገር፣ የሰው ቅሬ (እድር) ስትገባ መጀመሪያ ደንቡን ታያለህ አይደል፣ እዚህም እንደዛው ነው፣ ሰሪዎቹን ከመጠየቅህ በፊት ሌላ ሰው ጠይቆት እንደሆነ ፈልግ። «አይሰራም» ብቻ ብሎ መፃፍ ደሞ እኔ ሱቅ መጥቶ «ተበላሸ» ብሎ ላፕቶፑን ወርውሮ እንደሚሄደው ሰውዬ መሆን ነው። የትኛው ቨርዥን ነው፣ ምን ስትነካ ነው፣ ምን የሚል ፅሁፍ መጣ፣ ይሄን ከፃፍክ ግማሹን ስራ ሰርተህላቸዋል። በጎ ፈቃደኛ ስለሚበዛባቸው መልሱ ቢዘገይ አትቆጣ።

«ኢንተርኔታችን አይችለውም» የምትሉ ልክ ናችሁ፣ ግማሹን። ማውረዱ ይከብዳል፣ አንዴ በፍላሽ ከያዝክ ግን ለሰፈሩ ማዳረስ ትችላለህ፣ ህጋዊም ነው። ኮድ ለሚፅፍ ደሞ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ያለ ኔትወርክ ይሰራል፣ ኔት ሲመጣ መላክ ነው በቃ።

እኔ አሁን ትርጉሙን ስሰራ የተያዝኩት «ካሽ» የሚለው ቃል ላይ ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚፈለገውን ነገር ማሽኑ ቅርብ የሚያስቀምጥበት ቦታ። ለእትዬ አስረድቼ ምን ልበለው ስላቸው «እሱማ ሌማት ነዋ» አሉኝ። እስካሁን የተሻለ አላገኘሁም።