«ኮከባችን አልገጠመም»፦ የሚቆጠረው ሰማይ ነው ስም?

«ከአዲሱ ስልኬ ጋር ኮከባችን አልገጠመም» ሲባል ይሰማል። ስልክ እናት የለውም፤ የእናት ስም ከሌለ ደግሞ ኮከቡ ከየት ይቆጠራል?

የገጠሩ ወግ እንዲህ ነው። ቃል ከመታሰሩ በፊት የልጁና የልጅቷ የክርስትና ስም ከየእናታቸው ስም ጋር ደብተራው ዘንድ ይደርሳል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የልጁና የእናቱ ስም ተደምሮ በ12 ይገደፋል። ድምሩ 77 ከሆነ 72ቱ ይወጣና 5 ይቀራል፤ ከአሥራ ሁለቱ ኮከቦች አምስተኛው አሰድ ነው። ምንም ካልተረፈ አሥራ ሁለተኛው፣ ሑት። ለልጅቷም እንዲሁ። ቀጥሎ ባሕርይ ይታያል፦ ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት፤ ሠውር፣ ሰንቡላና ጀዲ መሬት፤ ገውዝ፣ ሚዛንና ደለዊ ነፋስ፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት ውሃ። እሳት ከነፋስ ይስማማል። አሰድ ላይ ሸርጣን ከመጣች ግን ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ጣጣው ፊደል ላይ ነው። በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈውን ስም በሃሌታው «ሀ» የቆጠረ ድምሩን ያዛንፋል። በ1 ብቻ ቢዛነፍ እንኳ አሰድ የነበረው ሰንቡላ፣ እሳቱም መሬት ይሆናል።

«መግጠም» ራሱ የዕቃ ቃል ነው። አክንባሎው ከምጣዱ ካልገጠመ እንፋሎቱ ያመልጣል።

ጥንት የሚታየው ሰማዩ ነበር። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የፀሐይን መንገድ ሠላሳ ሠላሳ ዲግሪ አድርገው ለ12 ከፈሉት። ግሪኮች ደግሞ ሰው ሲወለድ በምሥራቅ አድማስ የሚወጣውን ዲግሪ መያዝ ጀመሩ፤ እሱም በ4 ደቂቃ ገደማ አንድ ዲግሪ ይሄዳል። የእኛዎቹ የኮከብ ስሞች የመጡት ከዓረብኛ ነው፤ ሐመል ጠቦት፣ ሰንቡላ የእህል ዛላ። የስም ስሌቱም አብሮ ገብቶ ይሆናል። እንዲህ ሥር የሰደደው ግን፣ በእኔ ግምት፣ የልደት ደቂቃ የሚለካበት ሰዓት በሌለበት አገር ስም የሰማዩን ቦታ ስለተካ ነው። እናት ደግሞ አትካድም። «ኮከብ ቆጠራ» እንጂ «ኮከብ ምልከታ» አለመባሉም ከዚሁ ይመስለኛል፤ ደብተራው ቀና ሳይል ይጨርሰዋል።

የዛሬው የመጽሔት ኮከብ ሌላ ዘር ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. አንድ የለንደን ጋዜጣ ስለ ልዕልት ማርጋሬት ልደት ካተመ ወዲህ የተስፋፋ ሲሆን፣ የአንባቢውን የልደት ሰዓት ስለማያውቅ በልደቱ ቀን ፀሐይ ያለችበትን ኮከብ ብቻ ይይዛል። በዚያ ሊዮ (አሰድ) የሆነ ሰው በደብተራው ሑት ሊወጣ ይችላል። «እኔ ሊዮ፣ እሷ ሳጂታሪየስ (ቀውስ)፤ ኮከባችን ገጠመ» ሲሉ የማንም እናት ስም አልተጠየቀም።