ፋየርቦል ምንድን ነው? መንገዱስ እንዴት ይታወቃል?

ፋየርቦል በጣም ደማቅ ተወርዋሪ ኮከብ ነው። መለኪያዋ ቬነስ ናት፤ ጎህ ሲቀድ ከምናያት ከአጥቢያ ኮከብ በላይ ካበራ ፋየርቦል ይባላል። ኮከብ ግን አይደለም፤ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከባቢ አየር ውስጥ የገባ የጠፈር ድንጋይ ነው።

ያየ ሰው ሁሉ “ከዚያ ጋራ ማዶ ወደቀ” ይላል። ብርሃኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ገና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳለ ነው፤ ከተመልካቹም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሊርቅ ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን፣ የተማረ አስትሮኖመር (የሥነ ፈለክ ባለሙያ) እንኳ ቢሆን፣ አቅጣጫውን እንጂ ርቀቱን በዓይኑ አያውቅም። ባለሙያዎቹ እኛን የሚፈልጉን ለዚህ ነው።

እስቲ ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው “ብርሃኑ በስተሰሜን ጠፋ” ይበል። ባሕር ዳር ያለው ደግሞ “በስተደቡብ ምሥራቅ” ይበል። ሁለቱን መስመሮች ካርታ ላይ ስትስሏቸው ሞጣ አካባቢ ይገናኛሉ። ከዳንግላ ሦስተኛ ሰው ከተጨመረ ስህተቱ ይጠባል፤ ቪዲዮ ከተገኘ ደግሞ ፍጥነቱ፣ የመጣበት ምህዋር፣ የተረፈው ድንጋይ ያረፈበት አካባቢ ሁሉ ይሰላል።

እንግሊዝ አገር የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2021 ማታ አንድ ፋየርቦል ታየ። የአማተሮችና የተመራማሪዎች ካሜራዎች፣ የሰው ቤት በር ላይ ያሉት ሳይቀሩ፣ ቀረጹት። በማግስቱ ዊንችኮም በምትባል ከተማ አንድ ቤተሰብ ድንጋዩን ደጃፉ ላይ አገኘው፤ በውስጡ ውሃ የያዙ ማዕድናት ያሉበት ብርቅ ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ዝናብ ሳያበላሸው መገኘቱ ለሳይንስ ትልቅ ሀብት ነው!

እናንተም ካያችሁ ከቆማችሁበት አትንቀሳቀሱ። የት ጀመረ፣ የት ጠፋ? ከዛፍ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት አንጻር ያዙት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት ቡጢ 10 ዲግሪ ገደማ ስለሚሸፍን ከፍታውን በቡጢ ቁጠሩ። ነጎድጓድ መሰል ድምፅ ከሰማችሁ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ ጻፉ፤ ድምፅ ከብርሃን ብዙ ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የሜትዮር (የተወርዋሪ ኮከብ) ድርጅት ከየትኛውም አገር ሪፖርት ይቀበላል። ሰዓቱን ግን ተጠንቀቁ፦ የእኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር ያለፈው ቀን 22 ሰዓት ነው።

ጥቁር ቅርፊት ያለው እንግዳ ድንጋይ ካጋጠማችሁ ደግሞ መጀመሪያ እዚያው እንዳለ ፎቶ አንሱት፣ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ማግኔት አታስጠጉበት፣ በንጹሕ ፎይል ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።