ቮልቴጅ ድሮፕ ምንድን ነው? የመኪና ፍሪጅ ላላችሁ

ድሬዳዋ ውስጥ የመኪና ፍሪጅ ቅንጦት አይደለም። በሰኔ ሙቀት ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ ለሚመላለስ ሹፌር ወይም የግመል ወተት ለሚጭን ሰው የግድ ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ባለ ኮምፕሬሰር ትንሽ ፍሪጅ መግዛት ቀላል ነው፣ ገንዘቡ ካለ። ጣጣው የሚመጣው መኪና ላይ ሲገጠም ነው።

ቅሬታው ሁሌም ያው ነው። «ስነዳ ይሠራል። ለምሳ ቆሜ ሞተር ሳጠፋ ግን ጢጥ ጢጥ ብሎ ይዘጋል። ባትሪው እኮ አዲስ ነው!» ባለሙያው ቮልት መለኪያ ቴስተሩን ፍሪጁ የሚሰካበት ሶኬት ውስጥ ይከታል። 12.4 ቮልት ይላል። «መስመሩ ምንም አልሆነ፣ ፍሪጁ ነው የተበላሸው።»

ፍሪጁ ደህና ነው። ቮልቱን መንገድ ላይ የበላው ሽቦው ነው። ቮልቴጅ ድሮፕ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ከባትሪ የተነሳው ቮልት ፍሪጁ ጋ ሲደርስ ጎድሎ መገኘቱ።

የትኛውም ሽቦ ኤሌክትሪክን ትንሽም ቢሆን ይገታል፣ ሬዚስታንስ አለው። በቀጠነና በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ይህ ሬዚስታንስ በሚያልፈው አምፔር ሲባዛ የጠፋውን ቮልት ይሰጣል። ቤት ውስጥ ነገሩን አናስተውለውም። ከ220 ቮልት ላይ አንድ ቮልት ቢጎድል ማን ልብ ይለዋል? ከ12 ላይ ግን ትልቅ ጉድለት ነው። በዚያ ላይ 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ በ220 ቮልት ሩብ አምፔር ገደማ ሲበቃው በ12 ቮልት 5 አምፔር ይፈልጋል።

እናስላው። ባትሪው ኮፈን ስር፣ ፍሪጁ የኋላ ሻንጣ ውስጥ፤ 5 ሜትር እንበል። መሄጃና መመለሻ ስላለ 10 ሜትር ይቆጠራል። ሽቦው ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.175 ኦም ገደማ ነው። በ5 አምፔር ስታባዙት 0.9 ቮልት ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው 14 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ ፍሪጁ ጋ 13.1 ይደርሳል፣ ማንም አያውቅበትም። ሞተር ሲጠፋ ባትሪው 12.4 ላይ ቢሆን የሚደርሰው 11.5 ነው። እነዚህ ፍሪጆች ደግሞ የመኪናውን ባትሪ እንዳይጨርሱ ራሳቸውን የሚዘጉበት መጠን አላቸው። ቁጥሩ ከፍሪጅ ፍሪጅ ይለያያል፤ መዝጊያው ከፍተኛው ላይ ከተደረገ ግን ብዙዎቹ 11 ምናምን ላይ ይዘጋሉ።

አሁን ቴስተሩ ለምን 12.4 እንዳለ እንይ። ፍሪጁ ሲዘጋ የሚያልፍ አምፔር የለም። አምፔር ከሌለ ድሮፕም የለም፣ ቮልቱ ተመልሶ ይቆማል። ፍሪጁም «አሃ፣ ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ይነሳል፣ ሲነሳ ቮልቱ ይወርዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ኮምፕሬሰር ሲነሳ ለአፍታ ብዙ አምፔር መሳቡ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ መለካት ያለበት ኮምፕሬሰሩ እየሠራ ነው። አንዴ ባትሪው ራስ ላይ፣ አንዴ ፍሪጁ መሰኪያ ጋ ይለካ። ልዩነቱ ግማሽ ቮልት ካለፈ ፍሪጁን ተዉትና ሽቦውን ቀይሩ።

የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣለት ሽቦ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። መሰኪያውን የሚይዘው ስፕሪንግ ብቻ ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ይላላል። ፍሪጁ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መሰኪያውን ነቅላችሁ ጫፉን በጣታችሁ ንኩት። የሚያቃጥል ከሆነ የጠፋው ቮልት እዚያ ሙቀት ሆኗል። የመዳብ ሬዚስታንስ ራሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ የድሬን ፀሐይና የሞተሩን ግለት ደምሩበት።

መፍትሔው ከባትሪ በቀጥታ የተዘረጋ ወፍራም መስመር ነው። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከሆነ የ0.9ኙ ድሮፕ ወደ 0.22 ይወርዳል። ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውጭው ቀይ ሆኖ ውስጡ ከነጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኔጋቲቩን ከቦዲ የምትወስዱ ከሆነ ሽቦው ቦዲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙም ዝገቱም ተፍቆ ይታሰር፤ እኔ ግን ሁለቱንም ሽቦ ከባትሪ ባመጣ እመርጣለሁ። የ15 አምፔር ፊውዝ ፖዘቲቩ ላይ ከባትሪው አጠገብ ይግባ። ፍሪጁ ጋ ካደረጋችሁት መሀል ላይ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ሲነካ ከእሳት የሚያድናችሁ ነገር የለም።

ሲኖትራክን የመሰሉ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው። ፍሪጁ 12/24 የሚል ከሆነ በቀጥታ 24ቱን ስጡት፣ አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ ድሮፑም ይቀንሳል። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 መውሰድ ግን ክፉ ልማድ ነው። አንዱ እየደከመ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለቀናቸው ይሞታሉ።

አንዳንዱ ሽቦውን ትቶ የፍሪጁን መዝጊያ ዝቅተኛው ላይ ያደርገዋል። ጢጥ ጢጡ ይቆማል፣ እውነት ነው። መስመሩን ያስተካከለ ቀን ግን ያው ዝቅተኛ ልክ ባትሪውን እስከ ሥሩ ያስመጥጠዋል፣ ጠዋት ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይዞርም። ሽቦው ከተቀየረ በኋላ መዝጊያው ከፍተኛው ላይ ይመለስ።